ዶክተር ሆኖ የኮንትራት ሥራ ፍለጋ? ሳቃችንን እንመርምር



ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሻችን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ላልነበሩት በአጭሩ እንንገር። ከዚሁ ተቋም ተመርቀው በአንድ የደጋ ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ለዓመታት ያስተማሩ፣ ኋላም በክረምት እየተማሩ ደረጃ በደረጃ ወጥተው በአፈር ሳይንስ ዶክተር የሆኑ አንድ ሰው የቀድሞ መምህራቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። መምህራችንም አጋጣሚው እንዳያልፍ ብለው "እስቲ ለእነዚህ ልጆች አንድ ሁለት ቃል" በማለት መድረክ ላይ አወጧቸው።

ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ጭብጨባውም እንደዚያው። ነገሩ የተበላሸው በጥያቄ ሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ "ዶክተር፣ አሁን ምን እየሠሩ ነው?" አላቸው። እሳቸውም ሳይሸሽጉ "በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ግን ሥራ እየፈለግሁ ነው" አሉ። "በውጭ አገር ለሁለት ዓመት የሚቆይ የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ሥራ። እስካሁን ከ40 በላይ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። 6 መለሱልኝ፤ 2 አነጋገሩኝ። ገና ነኝ።" ይኼን ጊዜ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተነሣ። እሳቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ማታ በመኝታ ክፍል ሳቁ ቀጠለ። "ቋሚ እንጀራ ጥሎ ኮንትራት!" ያለ አለ። "ዶክተርም ሆኖ ማመልከቻ ይዞ መዞር ካልቀረ እኛ ምን አለፋን?" ያለም አለ። እውነቱን እንናገር፤ ይህን የምንጽፈው ከሳቁት ውስጥ ነበርን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም ነው።

ለምን ሳቅን? "የተማረ ይግደለኝ" ሲባል እየሰማን አደግን። ትምህርት መሰላል ነው፣ ከመሰላሉ ጫፍ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አይነሣም ብለን አመንን። ከጫፍ የደረሰ ሰው ወንበር ሳይሆን የሁለት ዓመት ውል ሲፈልግ ስናይ የተታለልን መሰለን፤ ንዴታችንን በሳቅ ሸፈንነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የበለጠ ያሳፍራል። ስለ ሥራው አንዳችም ነገር ሳናውቅ ነው የሳቅነው። ነገ ተማሪ ፊት ቆመን "የማታውቁትን ጠይቁ" የምንል ሰዎች እኮ ነን!

በመሆኑም እሑድ ጠዋት አራት ሆነን አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አገኘናቸው። ይቅርታ ጠይቀን ብዙ ነገር ጠየቅናቸው። ከዚያም በቤተ መጻሕፍታችን ያገኘነውን አገላበጥን። የተረዳነውን ለሁላችሁም እናካፍላለን። በጽሑፉ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

እኛ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አሠልጣኛችን ከኋላ ዴስክ ተቀምጠው ያዩናል። ስንመረቅ ግን ክፍሉ የኛ ነው። በምርምር ዓለም ዶክትሬት ማለት በአማካሪ ዓይን ሥር የተሠራ ምርምር ነው። የራስ ቤተ ሙከራ፣ የራስ ተማሪዎች፣ የራስ በጀት እስኪመጣ ድረስ ደግሞ መካከል ላይ አንድ ዘመን አለ። ድኅረ ዶክትሬት የሚባለው ይህ ነው። ሰውዬው ከአንድ ወይም ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ውል ተቀጥሮ፣ ብዙ የማስተማር ሸክም ሳይኖርበት፣ በአብዛኛው ምርምር ብቻ ይሠራል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በ1919 ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ለወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ዶክተሮች እንዲህ ያለ ዕድል ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ድልድይ እንዲሆን ነው። ድልድይ ደግሞ ይሻገሩበታል እንጂ ቤት አይሠሩበትም። ዛሬ ክርክር ያስነሣው ድልድዩ እየረዘመ መሄዱ፣ ከማዶ ያለውም ቋሚ ወንበር ከተሻጋሪው ቁጥር ማነሱ ነው።

እንዴት ይገኛል?

በሩ ሦስት ነው ብለውናል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። እንደ ኔቸርና ሳይንስ ያሉ ታላላቅ የምርምር መጽሔቶች የሥራ ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ አውሮፓውያንም ዩራክሰስ የሚባል የጋራ የተመራማሪዎች የሥራ ማስታወቂያ አላቸው። እዚህ ላይ የሚቀጥረው ብዙውን ጊዜ የምርምር ገንዘብ ያገኘ አንድ ፕሮፌሰር ነው። ጥያቄው የፕሮፌሰሩ ነው፣ ተቀጣሪው ለዚያ ጥያቄ ይሠራል።

ሁለተኛው በር ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ለፕሮፌሰሩ በቀጥታ መጻፍ ነው። ገንዘብ ካለው ወይም ሊመጣለት ከሆነ ያነጋግራል።

ሦስተኛው በራስ ስም የሚገኝ ድጋፍ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ስም የሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ አለ። አመልካቹ ከሚቀበለው ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ የምርምር ዕቅድ ይጽፋል። ዕቅዱ ካሸነፈ በአውሮፓ እስከ 2 ዓመት ይሠራል። የየትኛውም አገር ዜጋ ማመልከት ይችላል። ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ በምርምር ከ8 ዓመት በላይ የሠራ ግን አይገባም፤ ከማመልከቻው ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በሚሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረም አይፈቀድለትም። ማለትም ሕጉ ራሱ "ተነሥ፣ ሂድ" ይላል።

በሩ ሦስት ይሁን እንጂ መዝጊያውን የሚከፍተው ደብዳቤው ነው። ዶክተሩ የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውንና የመጨረሻውን አሳዩን። የመጀመሪያው "በማንኛውም ዘርፍ ተመድቤ ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ" ይላል። እኛ ይህን ስናይ እርስ በርስ ተያየን፤ የኛ ማመልከቻ ሁሉ እንዲህ ነዋ የሚጻፈው! ያንን ደብዳቤ ስም ብቻ እየለወጡ ለ30 ሰው ላኩት። አንድም መልስ አልመጣም። "ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም አልተጻፈም፤ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ" አሉን።

የመጨረሻው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ፕሮፌሰሩ በአሲዳማ አፈር ላይ ካሳተሙት ጽሑፍ ይነሣል። ቀጥሎ ዶክተሩ ቀድሞ ባስተማሩበት ቀበሌ ሦስት ዓመት በገበሬ ማሳ ላይ ኖራ እየጨመሩ የገብሱን ምርት እንዴት እንደለኩ ይናገራል። ከፕሮፌሰሩ ውጤት ጋር ያልተስማማላቸውን አንድ ነገር ሳይደብቁ ያነሣሉ። በመጨረሻም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ምን እንደሚሠሩ በአራት መስመር ይገልጻሉ። በዚህ መልክ ለየሰዉ ለብቻ የጻፉት ወደ 12 ብቻ ነው። መልስ የመጣላቸው ግን ሁሉም ከነዚህ ነው። ቁጥሩ ቀነሰ፣ ፍሬው ጨመረ።

ከደብዳቤው ጋር የትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ የታተሙ ጽሑፎች ዝርዝርና የሁለት ወይም የሦስት ምስክሮች ስም ይሄዳል። ስለ ምስክሮቹ ትንሽ እንቆይ። እኛ ዘንድ "ሰው አለው" ሲባል ዘመድ አለው፣ የሚያስቀጥር አለው ማለት ነው። እዚያም ሰው ያስፈልጋል፤ ግን ሥራህን ያየ ሰው። "ጠባዩ መልካም፣ ታዛዥና ትጉህ ነው" የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም። "ሙከራው ሁለት ጊዜ ሲበላሽበት ምክንያቱን ራሱ አገኘው፤ ያገኘውም እንዲህ አድርጎ ነው" የሚለው ግን ይነግረዋል። እርግጥ ነው፣ በዚያም ዓለም አድልዎ የለም አንልም። ስመ ጥር አማካሪ ያለው ሰው ደብዳቤ ቀድሞ ይነበባል፤ ይህን ዶክተሩም አልካዱም። ቢሆንም ሥራው በጽሑፍ ያልተመዘገበ ሰው ያን ያህል ዕድል እንኳ የለውም።

ውሉስ ምን ይላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጊዜ ገደብ ያለው ሥራ ሰው ላይ ምን ያደርሳል? ውሉ ሁለት ዓመት ነው ቢባልም፣ ከተማ እስኪለምዱና መሣሪያውን እስኪያውቁ ወራት ያልፋሉ። ማብቂያው ሲቃረብ ደግሞ ቀጣዩን ሥራ መፈለግ ይጀመራል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከቅጥሩ ጋር የታሰረ ስለሚሆን፣ ከአለቃው ጋር የተጣላ ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ በደል ቢደርስበት ዝም ይላል።

በጀርመን በ2007 የወጣ ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲ አንድን ሰው ከዶክትሬት በፊት እስከ 6 ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ 6 ዓመት በጊዜያዊ ውል ሊያሠራ ይችላል፤ በሕክምና 9 ዓመት ነው። ልጅ ላለው ይራዘማል። ከዚያ ወዲያ በፕሮጀክት ገንዘብ ካልተያዘ ወይም ቋሚ ቦታ ካላገኘ መንገዱ ይዘጋል። የአገሪቱ የትምህርትና ምርምር ሚኒስቴር ይህን ለማስረዳት ሐና የምትባል የሥዕል ገጸ ባሕርይ ያለችበት አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። ፊልሙ አንድ ትውልድ ቦታውን ሁሉ ይዞ እንዳይደፍነው ሰው መፈራረቅ አለበት ይላል። በ2021 ተመራማሪዎቹ ይህን አይተው ተቆጡ። "ሐና እኔ ነኝ" እያሉ በየስማቸው ስንት ዓመት፣ በስንት ውል እንደሠሩ ይፋ አወጡ። የተማረ ሰው ቧንቧ እንደሚደፍን ቆሻሻ ሲቆጠር ማን ዝም ይላል?

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኅዳር 2022 ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችና ረዳት መምህራን ሥራ አቆሙ። ከነሱ ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ይገኙበት ነበር። በማኅበራቸው ተደራድረው በታኅሣሥ የደመወዝ ጭማሪ የያዘ አዲስ ስምምነት አገኙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለካ ለዶክተሮችም ነው።

የሚቃወሙን ጓደኞች አሉ። "ቋሚ ቅጥር ሰውን ያስተኛል፤ ገደብ ያለው ውል ያነቃዋል" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ያለ ሥራ ወንበር የሚያሞቅ ቋሚ ሠራተኛ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የሥራው ዕድሜና የውሉ ዕድሜ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። የራሳችንን አገር ምሳሌ እንውሰድ። የአክሱም ተወላጁ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በታኅሣሥ 2000 በአፋር ዲኪካ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን ቅሪተ አካል ከቡድናቸው ጋር አገኙ። ሰላም የምንላት ናት። በዚያ ወቅት እሳቸው በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነበሩ። አጥንቷ በድንጋይ ተይዞ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት መፈልቀቅ ነበረበት። ይህ ዓመታት ፈጅቶ ውጤቱ በኔቸር መጽሔት የወጣው በ2006 ነው። እሳቸው በመካከሉ በ2004 ወደ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ወዳለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተዛውረዋል። ሥራው ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላ አብሯቸው ባይሄድ ኖሮ ሰላም ዛሬም ግማሽ ፊቷ ድንጋይ ውስጥ በሆነ ነበር።

ሃንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮም አለች። በ1985 በአገሯ የምርምር ገንዘቧ ሲቋረጥ በፊላዴልፊያ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ዶክትሬት ሥራ አግኝታ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ሄደች። ገንዘብ ማውጣት ስለማይፈቀድ ያላትን 900 ፓውንድ በልጇ የአሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍታ ነው የወጣችው። ኋላም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ስትሠራ ለምርምሯ ገንዘብ አጥታ በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ ተደረገች። ሥራዋን ግን አልተወችም። የኮቪድ ክትባት የተሠራበት ዕውቀት ከዚያ ወጣ፤ በ2023 ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ይህን ስንናገር "መከራ ይጠቅማል" ለማለት አይደለም። እሷ ጸናች፤ ያልጸኑትን ግን ማን ቆጠራቸው?

ታዲያ እኛን ምን አገባን?

ሻይ ቤት ውስጥ "ቋሚ ሥራ እያለዎት ለምን?" ብለን ጠየቅናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። "ሳምንቱን ሙሉ አስተምራለሁ። የአፈር መመርመሪያው መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ ስንጠብቅ ሁለት ዓመት ሆነን። የገብሱ ነገር ግን አልቆመም፤ ያስተማርኳቸው ልጆች አባቶች ዛሬም ያንኑ ማሳ ያርሳሉ። ሁለት ዓመት ብቻ ብሠራበት መልስ ይዤ እመለሳለሁ" አሉ። ከዚያ ብርጭቆአቸውን እያዞሩ "የሚያሳስበኝ እዚያ መግባቱ አይደለም። ስመለስ ቦታዬ ይጠብቀኛል ወይ? ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ መልስ አልመጣም" አሉን። እኛ የሳቅንበት ሰው እንግዲህ እኚህ ናቸው። ቋሚ እንጀራቸውን ለድንች ማሳ ሳይሆን ለገበሬው ገብስ ሲሉ አደጋ ላይ የጣሉ።

ከሴት ጓደኞቻችን የመጣ ጥያቄም አለ። "ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት እዚያ ከሆነ መቼ ይወለዳል?" ይላሉ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ውሉ የሚመጣው ልክ በመውለጃ ዕድሜ ነው። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ሴቶች በሳይንስና በምሕንድስና ለዶክትሬትና ለድኅረ ዶክትሬት የሚረዳ፣ የሽሉምበርዠ ፋውንዴሽን ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ድጋፍ የውሉን ጠባይ አይለውጠውም። የወሊድ ፈቃድ በውሉ ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

አቋማችንን እንግለጽ። የጊዜ ገደብ ያለው ሥራ በራሱ ውርደት አይደለም። ውርደቱ ገደቡን መደበቅ፣ ሰውንም ከድልድዩ ላይ አውጥቶ መርሳት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለራሳችን። ለተማሪዎቻችን "ተማሩ፣ ወንበር ይጠብቃችኋል" አንበል። "ተማሩ፤ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኑራችሁ፤ ውል ስትፈርሙ አንብቡ" እንበል። "የተማረውስ የት ደረሰ?" የሚለውን ሳቅም ወደ ክፍል ይዘን አንግባ። ያንን ሳቅ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከሰማው ደብተሩን መዝጋት ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ለአሠልጣኞቻችን። የልምምድ መዝገባችን ፊርማ ብቻ አይሁን። የሠራነውና የተሳሳትነው ከነቀኑ ይጻፍበት። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉልንም ክፍል ገብታችሁ ያያችሁትን ጻፉልን፤ መጥፎም ቢሆን።

ሦስተኛ፣ ለተቋሙ። በዚህ ግድግዳ አጠገብ የትምህርትና የሥራ ዕድል የሚለጠፍበት አንድ ሰሌዳ ይመደብ። የሚለጠፈውም ማስታወቂያ አምስት ነገር ይያዝ፦ ስንት ዓመት፣ ደመወዙ ስንት፣ ሲታመሙ ማን ይከፍላል፣ ውሉ ይታደሳል ወይ፣ ከዚህ በፊት የሠራበት ሰው አሁን የት ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የዶክተሩ ምክር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው ብለውናል።

አራተኛ፣ ሰው ለሚቀጥሩ የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት። ለሁለት ዓመት ሄዶ ዕውቀት ይዞ ለሚመለስ መምህር ቦታው በጽሑፍ ይጠበቅለት። እሱም የመመለስ ግዴታውን በጽሑፍ ይግባ። አንዱ ብቻ የሚታሰርበት ውል ውል አይባልም።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሻንጣቸውን ይዘንላቸው ሄድን። "ቅዳሜ የሳቃችሁት እናንተ ናችሁ?" አሉን። "አዎ ዶክተር" አልን። "እኔም እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው" ብለው ገቡ።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ ካለ ከታች ግማሽ ወረቀት ባዶ ትተንለታል። ይጻፍበት፤ ግን ስሙንም ይጻፍ።

ከሁለተኛ ዓመት እጩ መምህራን